ጎመን ዘሩን ተከትዬ ሰሜን ሸዋ

ሥራዬ የቅባት እህል ሰነድ ነው። ሰሊጥ ወደ ውጭ ሲላክ ከየት እንደመጣ፣ ማን ለማን እንደሸጠው፣ ስንት ኩንታል እንደሆነ የሚያሳየውን ወረቀት አዘጋጃለሁ። ስለ ጎመን ዘር ማንበብ የጀመርኩት በዚሁ በኩል ነው፤ ከጀመርኩ በኋላ ግን ሐሳቡ አልለቀቀኝም። እኛ ምጣድ የምናስስበት፣ ቅጠሉን ቀቅለን የምንበላው የጓሮ ተክል ውጭ አገር ካሪናታ ተብሎ የአውሮፕላን ነዳጅ ሆኗል። በፈረንጆች ጥቅምት 2012 ካናዳ ውስጥ አንድ ፋልከን 20 ጄት የተለመደው ነዳጅ ጠብታም ሳይቀላቀልበት ከዚህ ዘር በተሠራ ነዳጅ ብቻ በሯል። በጥር 2018 ደግሞ የኳንታስ ድሪምላይነር ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ድረስ 15 ሰዓት ያህል ሲበር፣ ከካሪናታ የተሠራ ነዳጅ 10 በመቶ የተቀላቀለበት ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ፣ በኡራጓይና በአርጀንቲና ገበሬዎች ይዘሩታል። የተክሉ መገኛ ግን የእኛ ደጋ ነው።

አውሮፓ እንዲህ ያለ ነዳጅ ሲገዛ ሊትሩን ብቻ አይገዛም። ዘሩ የበቀለበት መሬት በፈረንጆች ጥር 2008 ደን የነበረ፣ ከዚያ ወዲህ የተመነጠረ እንዳይሆን ይጠይቃል። ገበሬው ለመጀመሪያው ሰብሳቢ፣ ሰብሳቢው ለመጭመቂያው፣ መጭመቂያው ለማጣሪያው እየፈረመ ወረቀቱ እስከ ነዳጅ ጋኑ መድረስ አለበት። አንዱ ጋ ከተቋረጠ የኋለኛው ሁሉ ዋጋ የለውም። እኔም ይህ ወረቀት እኛ አገር ቢጀመር የት ድረስ ይሄዳል፣ የትስ ይበጠሳል የሚለውን በእግሬ ሄጄ ማየት ፈለግኩ። ጓደኛዬ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ጎመን ዘሩ በሚሰበሰብበት በታኅሣሥ 2015 አብረን ወጣን።

ታኅሣሥ 6፣ ሐሙስ፦ ከላምበረት ደብረ ብርሃን

ከላምበረት መናኸሪያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነሣን። ረዳቱ በሰው 170 ብር ተቀበለን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ አስፋልቱም ደህና ነው።

ሸኖ ላይ ለሻይ ቆምን። በሌላ ጊዜ ሸኖ የወረደ መንገደኛ ለጋ ቅቤ ሳይዝ አይመለስም። አሁን የገና ጾም ነውና ሻጮቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ገዢው ግን ለበዓሉ ከወዲሁ የሚያስቀምጥ ብቻ ነው። ጾም መሆኑ ለኔ ጉዳይ ጥሩ ሆነ። ዘይት የሚፈለግበት ሰሞን ስለሆነ ማንንም ስለ ቅባት እህል ብትጠይቁ ዝም አይልም። ሻይ ቤቷ ባለቤት ባለ አምስት ሊትሩን የፓልም ዘይት 900 ብር እንደገዛችው ሳንጠይቃት ነገረችን።

ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከመኪና ስንወርድ ፀሐይ ነበረች፤ ብርዱ ግን አልቀረም። አልጋ 350 ብር ያዝን። ሙቅ ውሃ አለ ተብለን ነበር፤ ማታ ቧንቧውን ስንከፍተው ጣት የሚያደነዝዝ ውሃ ወረደ። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስንጠይቅ ግን ወዲያው ሁለት አመጡልን፤ ብርድ ልብስ በፋብሪካ የሚሠራበት ከተማ ነው።

ምሳ ሽሮ ከስልጆ ጋር በላን፣ 80 ብር። ስልጆው ውስጥ ያለው ሰናፍጭ አፍንጫ ድረስ ይወጣል። ይሄ ሰናፍጭ ለጎመን ዘር ወላጅ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎመን ዘር የተገኘው የሰናፍጭና የጥቅል ጎመን ወገኖች ድሮ በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው።

ከሰዓት በኋላ ከመናኸሪያው ጀርባ ፓስቲና ሳምቡሳ የምትጠብስ ልጅ ጋ ቆምን። ያገለገለ የምግብ ዘይት ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚፈለጉት የባዮፊውል፣ ማለትም ከተክልና ከቅባት የሚሠራ ነዳጅ፣ ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ነው። ሲጠቁርብሽ የት ታደርጊዋለሽ አልኳት።

«የሚጠቁር ዘይት የለኝም» አለች። «ሲቀንስ እጨምርበታለሁ። አዲስ ነው አሮጌ ነው ብለህ መለየት አትችልም።»

በ900 ብር ዘይት የሚደፋ ሰው እንደሌለ ገባኝ። አውሮፓ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ «ያገለገለ ዘይት» አንዳንዱ ምንም ያልተጠበሰበት ፓልም ነው የሚል ትልቅ ጥርጣሬ አለ፤ ያገለገለው ከአዲሱ ስለሚወደድ አዲሱን አሮጌ ብሎ መሸጥ ያዋጣል። እዚህ ደግሞ ዘይቱ እስከ መጨረሻው ጠብታ እዚያው መጥበሻ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ይህን በር ዘግቼ ወደ ዘሩ ብቻ ለመሄድ ወሰንኩ።

ታኅሣሥ 7፣ ዓርብ፦ ባሶና ወራና

በንጋት ባጃጅ ይዘን ከከተማ ወጣን፤ 150 ብር አስከፈለን። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል፤ ሣሩ ከጫማ ሥር ይንኮሻኮሻል። የገብስ ክምሩ በየአውድማው ቆሟል። የጓደኛዬ አክስት ቤት ስንደርስ እማማ ጓሮ ነበሩ፣ በማጭድ ጎመን ዘር እያጨዱ።

በዚያ ብርድ ለምን እንደሚያጭዱ ጠየቅኳቸው። «ጤዛው ሳይለቀው ነው የሚታጨድ። ፀሐይ ካገኘው ይፈነዳና እህሉ መሬት ይቀራል» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንዱን ደረቅ ቅርፊት በጣቴ ጫን ስለው ለሁለት ተሰነጠቀና ትናንሽ ቡናማ ፍሬዎች መዳፌ ላይ ተበተኑ። አንዷን ስነክሳት መጀመሪያ ምንም የላትም፣ ቆይታ ግን ምላስን ታቃጥላለች።

ጎመን ዘሩ የበቀለው በቤቱ ዙሪያ፣ ከበረቱ ጀርባ፣ አመድና ፍግ በሚደፋበት ቦታ ነው። ሌላው መሬታቸው ገብስና ባቄላ ነው። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ለነዳጅ ተብሎ የገብስ መሬት ቢነካ እኔ ራሴ እቃወማለሁ፤ አውሮፓም ከምግብ ሰብል በሚሠራ ነዳጅ ላይ ጣሪያ አስቀምጧል። እዚህ ግን ተክሉ የሚኖረው እህል በማይዘራበት ዳር ላይ ነው፤ ቅጠሉ ክረምቱን ሙሉ ወጥ ሆኗል፤ የሚሸጠው ትርፉ ፍሬ ነው።

ረፋዱ ላይ ትናንት የደረቀውን ሸራ ላይ ዘርግተው በዱላ ወቁት። እኛም ተራ ይዘን አገዝናቸው። ከዚያ በሰፌድ አነፈሱት። ገለባው ለእሳት ማቀጣጠያ ተቀመጠ። የዚህ ዓመቱ ሁሉ ሲሰበሰብ አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ሊሞላ ትንሽ ቀረው፤ 40 ኪሎ ቢሆን ነው። አንድ ጣሳ ለማሰሻ፣ ሌላ ጣሳ ለዘር፣ ትንሽ ደግሞ ሆድ ለሚነፋው ከብት ለዩ። ሌላው ለነገ ገበያ።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። እሳቱ ኩበት ነው። እዚህ አገር የማገዶ እንጨት ስለሚያንስ የከብቱ እበት ተለጥፎ ደርቆ ይነዳል፤ ማሳው ማዳበሪያ ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ዓይኔ አለቀሰ። እማማ ግን በዚያ ጭስ ውስጥ ቁጭ ብለው ምጣዱን አሰሱ፤ የተወቀጠ ጎመን ዘር በጨርቅ ጠቅልለው የጋለው ምጣድ ላይ ሲያሽከረክሩት ቤቱ በአንዴ ሌላ ሽታ ሸተተ። አዲስ አበባ ኮረንቲ ምጣድ ላይ በተገዛ ዘይት ሲያስሱ ነው የማውቀው፤ ይሄን ሽታ ያገኘሁት ከልጅነቴ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ጎመን፣ የተልባ ወጥና የገብስ ጠላ ቀረበ። «አፈር ስሆን ብላ! ምነው፣ የከተማ ሰው እንዲህ ነው?» እያሉ ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ።

ከምሳ በኋላ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ስማቸውን፣ ቀበሌያቸውን፣ የኪሎውን ብዛት ልጻፍ ብዬ ደብተር ሳወጣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ስሜ ለምን ይጻፋል? ግብር ነው?»

አይደለም እማማ አልኩ። ይህ እህል ሩቅ አገር ቢሸጥ ገዢው ከማን እጅ እንደወጣ ማወቅ ይፈልጋል፤ ደን ተመንጥሮ እንዳልተዘራም ማረጋገጥ ይፈልጋል አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ተነሡ። ከሣጥኑ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጡ። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። የእርሳቸውና የሟች ባላቸው ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፤ መሬቱ በየቁራጩ ተዘርዝሯል፣ ማኅተም አለው። «ይሄ ይበቃዋል ለፈረንጁ?» አሉ።

ከመነሻው በላይ ነው። ሌላ አገር ገበሬው መሬቱን ለማስመዝገብ ከዜሮ የሚጀምርበት ቦታ ብዙ ነው። አማራ ክልል ውስጥ ግን ገበሬው እጅ ላይ ባልና ሚስት ተመዝግበውበት፣ ፎቶ ያለበት ደብተር አለ። የሰንሰለቱ የመጀመሪያ ወረቀት በዚያ ሣጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ይህን ሳላውቅ ነው ስንት ዓመት «ገበሬው ጋ መረጃ የለም» የሚል ሪፖርት ሳነብ የኖርኩት።

በፈቃዳቸው ጆንያው አፍ ላይ ቀይ ክር አሰርን። ነገ ክሩን ተከትለን እንሄዳለን።

ታኅሣሥ 8፣ ቅዳሜ፦ የደብረ ብርሃን ገበያ

አህያው ላይ ጭነን ወደ ከተማ ስንቃረብ፣ ገና ገበያው ሳይታይ ሁለት ወጣቶች መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁን። የሚንጠለጠለውን ሚዛን ይዘዋል። ከገጠር የሚመጣውን እናት ሁሉ እያስቆሙ ይገዛሉ። 52 ብር በኪሎ አሉ። ገበያ ውስጥ 55 እንደሆነ ጓደኛዬ በስልክ አጣርቷል። እማማ ለመሸጥ ተዘጋጅተው ነበር፤ አህያው ቀድሞ ሲመለስ የሚነዳው ልጅ አብሮ ይመለሳል፣ ጊዜ ይተርፋል። እኛ ስላለን ብቻ አልፈን ሄድን። በዚያ ጠዋት ግን ዓይኔ እያየ ስድስት ሰባት እናቶች እዚያው ሸጡ። ምንም ወረቀት የለም፤ ብር ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ጆንያ ይገለበጣል፣ ይለያያሉ።

ገበያው ሰው በሰው ላይ ነው። በግ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ኩበት በሸክም። የቅባት እህሉ ጥግ ኑግ፣ ተልባና ጎመን ዘር በየተራ ተቀምጧል። እማማን ወደ አንድ የታወቀ ነጋዴ መጋዘን ይዘናቸው ሄድን። 37 ኪሎ ተኩል መዘነ። በ55 ብር 2,062 ብር ከ50 ሳንቲም። ነጋዴው ጋሼ ሞላ አድርገው 2,065 ብር ሰጧቸው።

ከዚያ የጠበቅኩት ነገር ሆነ። ሠራተኛው ቀዩን ክር ፈታ፣ መሬት ጣለው፣ ጆንያውን ከግድግዳው ሥር ያለው ክምር ላይ ገለበጠው። የእማማ ጎመን ዘር ከሌሎች ሰላሳ አርባ ሴቶች ጎመን ዘር ጋር ተቀላቀለ። ባዶው ጆንያ ለእማማ ተመለሰላቸው፤ ጆንያ ራሱ 30 ብር ነው፣ ማንም ትቶት አይሄድም። ክምሩን ዘግኜ አየሁት። ቡናማው ከቢጫው ተደባልቋል፤ ኑግም አለበት፣ የገብስ ገለባም። ይህን ዘር ማንም መልሶ ሊለየው አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ «ተቀላቀለ፣ አለቀ» ይላል። እኔ ግን ሥራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፦ ዘሩ መቀላቀሉ ችግር አይደለም። የአውሮፓ ሕግም ሆነ አይ.ኤስ.ሲ.ሲ.ን የመሰሉ የማረጋገጫ ሥርዓቶች መቀላቀልን ይፈቅዳሉ። የሚጠይቁት መዝገቡ እንዲመጣጠን ነው። ማረጋገጫ ያለው አሥር ኩንታል ከገባ፣ ማረጋገጫ ያለው ተብሎ ሊወጣ የሚችለው አሥር ኩንታል ነው፤ አሥራ አንድ ከሆነ ሌብነት ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ለእማማ ዘር የተለየ ጎተራ አይደለም። ክምሩ ላይ ሳይገለበጥ በፊት፣ ሚዛኑ ላይ ሳለ፣ አንድ መስመር መጻፍ ነው።

ጋሼ ደብተር እንዳላቸው ጠየቅኳቸው። አወጡልኝ። ንጹሕ እጅ ጽሑፍ ነው፣ ዓመታት የተያዘ። ውስጡ ያለው ግን ዱቤ ብቻ ነው፤ ማን ስንት አለበት። የተገዛ እህል አይጻፍም። «በጥሬ የተከፈለ ነገር ምን ይጻፋል?» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ክምሩ ውስጥ የተወሰነው ወደ ዘይት መጭመቂያ ሲሄድ ጋሪውን ተከተልን። መጭመቂያው አንድ ክፍል ቤት ነው። ማሽኑ ሲነሣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ዘሩ ከላይ ይገባል፣ በአንድ ወገን ጥቁር ቢጫ ዘይት ይንጠባጠባል፣ በሌላው ወገን ፋጉሎ እየተቆራረጠ ይወጣል። ባለቤቱ ከአንድ ኩንታል 30 ሊትር ገደማ አገኛለሁ አለ። ዘሩ ውስጥ ያለው ዘይት 40 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ጥቂት የማይባል ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። ፋጉሎው ለከብት አርቢ ይሸጣል፤ የጎመን ዘር ፋጉሎ ግን ስለሚያቃጥል ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ነው የሚሰጠው።

የጎመን ዘር ዘይት ኢሩሲክ አሲድ የሚባል ቅባት ይበዛበታል። ለምግብ ዘይት ይህ ጉድለት ነው፤ አውሮፓ ለአብዛኛው የሚበላ ዘይት ከ2 በመቶ በላይ አይፈቅድም። ለጄት ነዳጅ ግን እንዲህ ያለው ረጅም ሰንሰለት ያለው ቅባት ይመቻል። እዚህ ግን ዘይቱ ከኑግ ጋር ተጨምቆ ለምግብ ይሸጣል። ነዳጅ የሚሆነው ለሌላ፣ ምግብ መሆን የሚገባው ለእኛ ቢሆን፣ ማለትም ጎመን ዘሩ ተሸጦ በዚያ ገንዘብ እማማ ንጹሕ የኑግ ዘይት ቢገዙ፣ ለጤናም ይሻል ነበር እላለሁ።

ጓደኛዬ ማሽኑ ጩኸት ውስጥ «ፊንጫስ እንዴት ቻለው?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። አገራችን ለባዮፊውል አዲስ አይደለችም። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ሞላሰስ፣ ማለትም ከስኳሩ ከሚተርፈው ዝቃጭ፣ ኤታኖል ወጥቶ በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ ይቀላቀል ጀመር፣ በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ ደረሰ። እዚያ ክትትል ቀላል ነው። አገዳው የፋብሪካው፣ ሞላሰሱም የፋብሪካው፣ በር አንድ፣ ሚዛን አንድ። ጎመን ዘር ግን የአንድ ፋብሪካ ሳይሆን የሺህ ጓሮ ነው።

ታኅሣሥ 9፣ እሑድ፦ ጣርማበር፣ ደብረ ሲና፣ ሸዋ ሮቢት

ለምግብ ጭራሽ የማይሆነውን ጉሎን ለማየት ወደ ቆላው ወረድን። ጣርማበር ዋሻው ጋ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና አፉ ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቷል። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ጠባብ ነው፤ ሁለት ትልቅ መኪና ሲገናኝ አንዱ ይጠብቃል፣ የቆመ ካለበት ደግሞ ሁሉም ይጠብቃል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ነፋሱ እየገረፈን፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆምን። አንድ እናት ከሚኒባሱ ውስጥ ዳቦ ቆርሰው ለማያውቁት ሰው ሁሉ አደሉ። መኪናው ተጎትቶ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛን፣ በስኒ 20 ብር፤ ገብስ፣ ሽምብራና ሱፍ የተቀላቀለበት። ዓምና በኅዳር ጦርነቱ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር። የተቃጠሉ ቤቶች አሁንም መንገድ ዳር ይታያሉ፤ አንዳንዱ ላይ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል። ቆሎ የሸጠችልን ልጅ ሱቋ ተዘርፎ ከባዶ እንደጀመረች ነገረችን። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዝም ይከብዳል።

ጉሎው በየመስኖ ቦዩ ዳር፣ በወንዙ ዳርቻ፣ በተተወ መሬት ላይ ራሱን ዘርቶ በቅሏል። ቁመቱ ከሰው በላይ ነው። ፍሬው መርዝ ስለሆነ ከብትም አይደፍረው። አንድ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ አነጋገርን። ማነው ባለቤቱ ብንለው «የማንም ነው፤ ልጆች ይለቅሙታል፣ ሴቶች ለምጣድ ይወስዱታል» አለን።

ዘይቱ ጥሩ ነው፣ ከምግብ ጋር አይሻማም፣ ብዙ ውሃም አይፈልግም። ግን ከመሬቱ ደብተር ጋር የሚያያዝ ሰው የለውም። የወንዝ ዳር የማን ይዞታ ተብሎ ይጻፋል? ገበያ ቢያገኝ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ሰዎች ወንዝ ዳሩን እየመነጠሩ መዝራት ይሆናል፤ ሕጉ የሚከለክለውም ይህንኑ ነው። እኔ በበኩሌ ደጋው ጓሮ ውስጥ ያለው፣ ባለቤትና ደብተር ያለው ጎመን ዘር ይቅደም ባይ ነኝ።

ማታ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ከ12 ሰዓት ጀምሮ ባጃጅ ማግኘት አልተቻለም፤ ሹፌሮቹ ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት ናቸው። ሻንጣችንን ተሸክመን አልጋ ስንፈልግ በየበሩ ጩኸት ነው። በመጨረሻ አንድ ምግብ ቤት ገብተን ቆመን አየን፣ 3 ለ 3 ሆኖ በፍጹም ቅጣት ምት አርጀንቲና ስትወስድ ጠረጴዛ ተገለበጠ። አልጋ 300 ብር አገኘን፤ አጎበር አለው፣ ወባ ያለበት አገር ነውና ይህ ከሙቅ ውሃ ይበልጣል።

ታኅሣሥ 10፣ ሰኞ፦ መልስ በደብረ ብርሃን

በጠዋት ወደ ደጋ ተመለስን። ዋሻው ክፍት ነበር። ጋሼን መጋዘናቸው ውስጥ አገኘናቸው፤ ሻይ አስመጡልን።

ሒሳቡን አብረን ሠራን። በሰሞኑ አንድ ቅዳሜ አሥር ኩንታል ያህል ጎመን ዘር ይገባላቸዋል። ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ የሚጽፍ ልጅ ቢቀጠር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ የይዞታ ደብተር ቁጥር፣ ኪሎ፣ ቀን፣ አበሉ በገበያ ቀን 200 ብር ቢሆን ለኪሎ የሚደርሰው 20 ሳንቲም ነው። መንገድ ላይ የሚቆሙት ልጆች ከእናቶቹ ላይ በኪሎ የሚያስቀሩት 3 ብር ነው። የውጭው ገዢ ይህን ያህል ብር ቢጨምር፣ ሴቶቹ መንገድ ላይ ያሉትን ልጆች አልፈው ሚዛኑ ጋ ይመጣሉ።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «የጨመራችሁት ብር ለኔ ብቻ ከሆነ አትልፉ» አሉ። «ሴትዮዋ ግብር ነው ብላ ስሟን አትነግረኝም፣ ወይም የጎረቤቷን ስም ትነግረኛለች። ለእሷ በእጇ ከደረሳት ግን ደብተሯን ይዛ ትመጣለች።»

ዓርብ ዕለት እማማ ፊት ላይ ያየሁትን ነው የነገሩኝ። ብዙ የክትትል ፕሮጀክት መተግበሪያ ከመሥራት ይጀምራል፤ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ይሄ መገልበጥ አለበት። የሚጽፍ እጅና ካርቦን ያለው ደረሰኝ ይበቃል፤ አንዱ ቅጠል ለሻጯ፣ አንዱ ለመጋዘኑ፣ አንዱ ከጭነቱ ጋር ወደ መጭመቂያው። መጭመቂያውም የገባውን ኪሎና የወጣውን ሊትር ይጽፋል። ከ30 ሊትር እጅግ የራቀ ቁጥር ከመጣ አንድ ነገር ተቀላቅሏል ማለት ነው።

ከመጽሐፍ መደብር ባለ ሦስት ቅጠል ደረሰኝ በ180 ብር ገዝተን ዓምዶቹን በማስመሪያ አሰመርንላቸው። ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ ፈቃደኛ የሆኑትን ሴቶች እንጻፍ ተባባልን፤ ለጊዜው ጭማሪው 1 ብር ነው፣ እሱንም እኔና ጓደኛዬ ከኪሳችን እንችለዋለን፣ እስከ ጥር መጨረሻ ብቻ።

የቀረው የብዛት ጉዳይ ነው። ገዢ ጭነት ብሎ የሚያናግረው አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ሲሞላ ነው፤ ይህም 190 ኩንታል ገደማ ነው። እርግጥ ዘይቱ ተጨምቆ ቢሄድ፣ ፋጉሎው እዚሁ ለከብቱ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ለዚያም ቢሆን የሚጠየቀው ዘር ያው ነው። ጋሼ ብቻቸውን ያን ለመሰብሰብ አሥራ ዘጠኝ ቅዳሜ ይፈጅባቸዋል፣ የጎመን ዘር ሰሞን ደግሞ ያን ያህል አይቆይም። እንደ እሳቸው ያሉ አምስት ነጋዴዎች በአንድ ዓይነት ደረሰኝ ቢሠሩ በአንድ ወር ይሞላል። ሌሎቹን አራቱን ከጥር ገበያ ጀምረን እንፈልጋለን፤ ጓደኛዬ መሐል ሜዳና አንኮበር የሚያውቃቸው አሉ።